ቁጥሩ የናሙናው ነው፦ የቁሶችን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ስለሚወስኑ ነገሮችና ስለ አለካኩ

የአንድን ቁስ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የሚወስነው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እስከ ድኅረ ምረቃ ድረስ መልኩን ሳይለውጥ የሚዘልቅ አንድ መልስ አለ፤ «የነጻ ኤሌክትሮኖች ብዛት» የሚል። መልሱ አጭር ነው፤ ለማስታወስም ይመቻል። መዳብን ከመስታወት ለመለየትም ይበቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ቀጥሎ ሃያ ያህል ዜሮ የሚደረደርለት ስለሆነ ማንኛውም ግምታዊ ማብራሪያ ልዩነቱን ያሳያል። ችግሩ የሚመጣው ጥያቄው ከዚያ አንድ እርምጃ ሲርቅ ነው። መዳብ ከአሉሚኒየም የሚበልጠው ለምንድን ነው? አንድ የፖሊመር ናሙና ባለፈው ወር ከሰጠው ንባብ የተለየ ንባብ ዛሬ የሰጠው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ የተለመደው መልስ አያስረዳም ብቻ ሳይሆን ያሳስታል። በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ የሙቀት መጠኑና የአለካክ ዘዴው ሳይጠቀስለት ብቻውን የሚቆም የአስተላላፊነት ቁጥር እየበዛ የመጣውም ከዚሁ አስተሳሰብ ነው። አስተላላፊነት የቁሱ ስም ብቻ የሚወስነው ጠባይ ከሆነ፣ ቁጥሩን አንድ ጊዜ ለክቶ መጻፍ ይበቃል ማለት ነው። እንዲህ ግን አይደለም።

የታወቁትን ብረታ ብረቶች ማነጻጸር ነገሩን ወዲያው ግልጽ ያደርገዋል። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር መዳብ ውስጥ 8.5 × 10²² ያህል ነጻ ኤሌክትሮኖች አሉ፤ በብር ውስጥ 5.9 × 10²²፣ በአሉሚኒየም ውስጥ ደግሞ 18.1 × 10²² ይገኛሉ። አስተላላፊነት በኤሌክትሮኖች ብዛት ብቻ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ አሉሚኒየም አንደኛ፣ መዳብ ሁለተኛ፣ ብር መጨረሻ በሆኑ ነበር። እውነታው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የብር አስተላላፊነት 6.3 × 10⁷ ሲመንስ በሜትር፣ የመዳብ 6.0 × 10⁷፣ የአሉሚኒየም 3.8 × 10⁷ ገደማ ነው። ከሦስቱ ትንሹን የኤሌክትሮን ቁጥር የያዘው ብር ይመራል፤ ትልቁን የያዘው አሉሚኒየም ወደ ኋላ ይቀራል። ብረትም በተለመደው ስሌት የመዳብ እጥፍ የሚሆን የነጻ ኤሌክትሮን ብዛት ሲኖረው፣ አስተላላፊነቱ ግን የመዳብን አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው። የአሉሚኒየም ሽቦ በከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፊያ መስመሮች ላይ የተመረጠውም የኤሌክትሮን ብዛቱ ታይቶ አይደለም። እኩል ሬዚስታንስ ያለው የአሉሚኒየም መስመር የመዳቡን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሚመዝን፣ ዋጋውም ስለሚቀንስ ነው።

የጎደለው የቀመሩ ሁለተኛ ክፍል ነው። አስተላላፊነት የቻርጅ ተሸካሚዎች ብዛት፣ የእያንዳንዱ ተሸካሚ ቻርጅ እና የተሸካሚው ተንቀሳቃሽነት ብዜት ነው። ተንቀሳቃሽነት ደግሞ ኤሌክትሮኑ ከአንዱ ግጭት እስከሚቀጥለው ድረስ ሳይስተጓጎል የሚጓዝበትን ጊዜ ይከተላል። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን ባገኘ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1900 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ፖል ድሩዴ ያቀረበው ሞዴል ብዛትንም የግጭት ጊዜንም የያዘ ነበር። የተለመደው የክፍል ማብራሪያ ታዲያ ከድሩዴ ግማሹን ወስዶ ግማሹን ትቷል ማለት ይቻላል።

ድሩዴ የተሳሳተው ኤሌክትሮኑ የሚጋጨው ከምን ጋር እንደሆነ ሲገምት ነው። በእርሱ ሥዕል ኤሌክትሮኑ በየአቶሙ እየተላተመ የሚሄድ ትንሽ ኳስ ነበር። በመዳብ ውስጥ ግን ኤሌክትሮን በክፍል ሙቀት በአማካይ 40 ናኖ ሜትር ያህል ሳይጋጭ ይጓዛል። በሁለት ጎረቤት የመዳብ አቶሞች መካከል ያለው ርቀት ከ0.26 ናኖ ሜትር ስለማይበልጥ፣ ኤሌክትሮኑ 150 ያህል አቶሞችን ሳይነካ ያልፋል ማለት ነው። ይህን ያስረዳው ፌሊክስ ብሎኽ ነው። በ1928 ባሳተመው ሥራው፣ ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ ሲታይ ፍጹም በሥርዓት በተደረደሩ አቶሞች መካከል ያለ እንቅፋት መጓዝ እንደሚችል አሳየ። የሚበትነው የሥርዓቱ መዛባት ነው፦ የአቶሞች ሙቀታዊ ንዝረት፣ ባዕድ አቶም፣ ባዶ የቀረ ሥፍራ፣ የክሪስታሉ መሰንጠቅና መጠማዘዝ፣ የቅንጣቶች ድንበር። እንግዲህ ስለ አንድ ብረት አስተላላፊነት የሚጠየቀው ዋናው ጥያቄ «ስንት ኤሌክትሮን አለው?» ሳይሆን «ሥርዓቱ የት የት ተዛብቷል?» የሚለው ነው። የዚህ መልስ በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ላይ አይገኝም፤ ናሙናው ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደተሠራና ምን እንደደረሰበት ከሚናገረው ታሪኩ እንጂ።

መሐንዲሶች ይህን የተማሩት ከፊዚክስ ሊቃውንቱ ቀድመው፣ ገንዘብ በከሠሩበት ዘመን ነው። የባሕር ውስጥ ቴሌግራፍ ገመድ በሚዘረጋበት ወቅት፣ በ1857፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊሊያም ቶምሰን በገበያ የሚሸጡ የመዳብ ሽቦዎችን ለክቶ፣ ሁሉም «መዳብ» እየተባሉ በአስተላላፊነታቸው ግን ጉልህ ልዩነት እንዳላቸው አገኘ። በ1860ዎቹ አውግስጦስ ማቲሰን የባዕድ አካላትን ተጽዕኖ በዝርዝር አጥንቶ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕግ አስቀመጠ፤ ይኸውም የአንድ ብረት ሬዚስቲቪቲ ከሙቀት ጋር የሚለዋወጥ አንድ ክፍልና በሙቀት የማይለወጥ፣ ከቆሻሻና ከጉድለት የሚመጣ ሌላ ክፍል ድምር ነው የሚል ነው። ሕጉ ግምታዊ ነው፤ ሆኖም ለብዙ ሥራ ይበቃል። በ1913 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለንጽጽር እንዲያገለግል አንድ የመዳብ መለኪያ ደንግጎ አስተላላፊነቱን መቶ በመቶ ብሎ ሰየመው፤ እርሱም በ20 ዲግሪ 5.8 × 10⁷ ሲመንስ በሜትር ነው። ዛሬ በጥሩ ፋብሪካ የሚመረት የመዳብ ሽቦ ከመቶ 101 ያስመዘግባል። ለጀማሪ ተማሪ ይህ የማይሆን ነገር ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ የ1913ቱ «መቶ» የዘመኑ የማጣራት ችሎታ የደረሰበት ደረጃ እንጂ የመዳብ ተፈጥሮ ጣሪያ አልነበረም። ያው ሽቦ ደግሞ ተስቦ ሲጠነክር ወደ 97 ይወርዳል፤ እንደገና በእሳት ሲለሰልስ ይመለሳል። አንድም አቶም አልገባበትም፣ አንድም አቶም አልወጣበትም። በፈሳሽ ሂሊየም ሙቀት፣ ማለትም በ4 ኬልቪን አካባቢ ንዝረቱ ሲረግብ ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጣል፤ በክፍል ሙቀት አንድ ዓይነት ንባብ የሚሰጡ ሁለት የመዳብ ናሙናዎች እዚያ በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ታዲያ ከሁለቱ «የመዳብ አስተላላፊነት» የሚባለው የትኛው ነው?

በዚህ ጉዳይ ላይ እንደ ፎስፎረስ ጥሩ አስተማሪ የለም። መዳብ ሲቀልጥ ኦክስጅንን ለማስወገድ ፎስፎረስ ይጨመርበታል፤ ለውኃ ቧንቧ የሚውለው መዳብ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በክብደት ከመቶ 0.04 ያህል፣ ማለትም ከ1200 አቶሞች መካከል አንድ የሚሆን ፎስፎረስ ቢቀር የመዳቡ አስተላላፊነት በሩብ ገደማ ይቀንሳል። የኤሌክትሮኖቹ ቁጥር ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ የተለወጠው ሳይስተጓጎሉ የሚጓዙበት ርቀት ነው። ይኸው ፎስፎረስ ወደ ሲሊከን ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከአምስት ሚሊዮን የሲሊከን አቶሞች አንዱ ብቻ በፎስፎረስ ቢተካ የሲሊከኑ አስተላላፊነት ከ400 ሺህ እጥፍ በላይ ያድጋል። ፎስፎረስ በሲሊከን ውስጥ መበተኑን አልተወም፤ የኤሌክትሮኖቹ ተንቀሳቃሽነት እዚህም በመጠኑ ይቀንሳል። ነገር ግን በንጹሕ ሲሊከን ውስጥ በክፍል ሙቀት የሚገኙት ነጻ ኤሌክትሮኖች በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 10¹⁰ ያህል ብቻ ስለሆኑ፣ እያንዳንዱ የፎስፎረስ አቶም የሚለግሰው አንድ ኤሌክትሮን የብዛቱን ሚዛን ከሥሩ ይለውጠዋል። አንድ ባዕድ አቶም በአንዱ ቤት እንቅፋት፣ በሌላው ቤት ሲሳይ ሆነ። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ፤ በንጹሕ ሲሊከን ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ተንቀሳቃሽነቱ በመዳብ ውስጥ ካለው ሠላሳ እጥፍ ያህል ይበልጣል። መዳብ የሚያሸንፈው በብዛት ነው፤ ሲሊከን የሚሸነፈው በፍጥነት ማነስ አይደለም። ይህን የሚያውቅ ተማሪ «ባዕድ አካል አስተላላፊነትን ይቀንሳል» ወይም «ይጨምራል» የሚል ደፋር ዐረፍተ ነገር ከመጻፉ በፊት ቆም ማለቱ አይቀርም።

ኤሌክትሮኖቹ ለመንቀሳቀስ ነጻ የሚሆኑት ወይም የማይሆኑት ለምን እንደሆነ የሚናገረው የኢነርጂ ባንድ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ አላን ዊልሰን በ1931 ያስቀመጠው መሠረት በየመማሪያ መጽሐፉ ስለሚገኝ እዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አልማዝና ግራፋይት ሁለቱም ካርቦን ሆነው አንዱ የማያስተላልፍ፣ ሌላው የሚያስተላልፍ የሆነው በአቶሞቹ አደራደር ምክንያት ነው። ግራፋይት ራሱ እንኳ በንብርብሮቹ አቅጣጫና ከንብርብሮቹ በተሻጋሪ ሲለካ የሚሰጠው ንባብ በመቶዎችና በሺዎች እጥፍ ይለያያል፤ ስለዚህ አቅጣጫውን ያልጠቀሰ የግራፋይት ቁጥር ምን እንደሚል አይታወቅም። የባንድ ንድፈ ሐሳብም ሁሉን አይፈታም። ኒኬል ኦክሳይድ በዚያ ስሌት ብረታዊ አስተላላፊ መሆን ሲገባው የማያስተላልፍ ሆኖ መገኘቱን ደ ቦርና ፌርዌይ በ1937 አመልክተዋል፤ ምክንያቱ ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ አጥብቀው መገፋፋታቸው መሆኑን ኔቪል ሞት ኋላ አብራርቷል። በአስተላላፊ ፖሊመሮች መስክ ደግሞ ፖሊአኒሊን አለ። በአሲድ ሲነከር አስተላላፊነቱ በቢሊዮኖች እጥፍ ሲያድግ፣ በፖሊመሩ ሰንሰለት ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ቁጥር አይለወጥም፤ ፕሮቶን ብቻ ነው የሚጨመረው። «የኤሌክትሮኖች ብዛት» የሚለውን መልስ የሚሰጥ ሰው ይህን ምን ብሎ እንደሚያስረዳው ለማየት ያጓጓል።

ይህ ሁሉ የንድፈ ሐሳብ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ መድረክ አይበቃም ነበር። ጉዳዩ የሚያሳስበው በቤተ ሙከራ ውስጥ በሚሠራው ሥራ ላይ በቀጥታ ስለሚንጸባረቅ ነው። የተለመደው አካሄድ ይህ ነው፦ የተዘጋጀው ዱቄት በመጭመቂያ ተጨምቆ ክብ ናሙና ይሆናል፤ ሁለት ፊቱ ብር ቀለም ይቀባል፤ ሁለት ሽቦ ይያያዝበታል፤ በመልቲሜትር ሬዚስታንሱ ይነበባል፤ ከውፍረቱና ከስፋቱ ጋር ተሰልቶ አንድ ቁጥር ይወጣል። ከዚያም በጽሑፉ ማጠቃለያ ላይ «የቁሱ አስተላላፊነት ይህን ያህል ነው፤ ከእገሌ ውጤት ይበልጣል» ይባላል። በዚያ ቁጥር ውስጥ ግን የቁሱ ጠባይ፣ በቅንጣቶቹ መካከል የቀረው አየር፣ የቅንጣቶቹ ድንበር፣ የብር ቀለሙና የናሙናው መገናኛ፣ የሽቦዎቹ ሬዚስታንስ፣ ምናልባትም በክረምት ከአየር የተወሰደ እርጥበት አንድ ላይ ታጭቀዋል። እያንዳንዱ ምን ያህል እንደወሰደ አይታወቅም። በጥሩ አስተላላፊ ናሙና ላይ ደግሞ ስሕተቱ አስቂኝ ይሆናል፤ አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የመዳብ ሽቦ ሬዚስታንሱ 0.017 ኦም ነው፤ የመልቲሜትሩ ሁለት ገመዶች ራሳቸው ከዚያ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ሊኖራቸው ይችላል። እንዲህ ሲሆን የተለካው ናሙናው ሳይሆን መለኪያው ነው።

«በክፍል ሙቀት ተለካ» የሚለው ሐረግም እንዲሁ ነው። በደብረ ብርሃን «የክፍል ሙቀት» ማለት በሰመራ «የክፍል ሙቀት» ማለት አይደለም። ለመዳብ የአሥር ዲግሪ ልዩነት የሬዚስታንሱን ከመቶ 4 ያህል ስለሚለውጥ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ለንጹሕ ሲሊከን ግን ያው አሥር ዲግሪ አስተላላፊነቱን በእጥፍ ገደማ ይለውጠዋል። የውኃ ጥናት ተማሪዎች በዚህ ረገድ ከቁስ ሳይንስ ተማሪዎች የተሻለ ልማድ አላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በውኃ ውስጥ የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ሳይሆኑ አየኖች ናቸው፤ አስተላላፊነቱም በእያንዳንዱ ዲግሪ ከመቶ 2 ያህል ስለሚጨምር ንባቡ ወደ 25 ዲግሪ ተመልሶ ይመዘገባል። ለወንዝ ውኃ የሚደረግ ጥንቃቄ ለአዲስ ቁስ ሊነፈግ አይገባም።

ለዚህ ትችት የሚሰጠው የተለመደ መልስ አለ፤ እርሱም የመሣሪያ እጥረት ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን በየቤተ ሙከራው አይገኝም፤ ፈሳሽ ሂሊየምማ ጨርሶ አይታሰብም፤ የሆል ኢፌክት መለኪያም ውድ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ተማሪው በሌለው መሣሪያ ሊወቀስም አይገባም። ይሁን እንጂ ከተጠቀሱት ጉድለቶች አብዛኞቹ የሚቃለሉት ባለው ዕቃ ነው። አራት ሽቦ አያይዞ በውጭዎቹ ሁለቱ ከረንት ማሳለፍ፣ በውስጦቹ ሁለቱ ቮልቴጅ ማንበብ ተጨማሪ የሚጠይቀው አንድ ሁለተኛ ሜትርና ትዕግሥት ብቻ ነው። በቀጭን ናሙና ላይ ቅርጹ ምንም ዓይነት ቢሆን የሚያገለግለውን ስሌት ፋን ደር ፓው በ1958 አሳትሞታል። የሙቀቱን ጉዳይ በተመለከተ ናሙናውን የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ባይኖርም ማሞቂያ ምድጃ የሌለበት የኬሚስትሪ ክፍል የለም። ከ20 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ርቀት ብቻ የንጹሕ መዳብ ሬዚስታንስ ከመቶ 31 ያህል ያድጋል፤ በዚያው አካባቢ የንጹሕ ሲሊከን ሬዚስታንስ ግን ከመቶ እጅ ወደ አንድ እጅ ያህል ይወርዳል። እንግዲህ በየአሥር ዲግሪው የተወሰደ ስምንት ወይም ዘጠኝ ንባብ፣ ናሙናው እንደ ብረት ጠባይ እንዳለው ወይም ተሸካሚዎቹን በሙቀት ኃይል የሚያስነሣ መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው ከሆነ የግራፉ ዘንበል የሚያስፈልገውን የማስነሻ ኢነርጂ ይሰጣል። አንድ ብቸኛ ቁጥር፣ የቱንም ያህል ብዙ ዲሲማል ቢኖረው፣ ይህን ሊናገር አይችልም።

ሌላው መከራከሪያ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪን ከብሎኽና ከማቲሰን ጋር ማጋፈጥ ከባድ ነው የሚል ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ጀማሪ በቀላሉ መጀመር አለበት። ነገር ግን «ስንት ናቸው፣ ምን ያህልስ ሳይስተጓጎሉ ይሄዳሉ?» የሚለው ድርብ ጥያቄ ከነጠላው ጥያቄ የሚከብድ አይደለም። የብርን፣ የመዳብንና የአሉሚኒየምን ስድስት ቁጥሮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን መጻፍ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ድኅረ ምረቃ ላይ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የነጠላው መልስ ሰበብ የለውም።

የሚጠየቀው እንግዲህ ውሱን ነው። የአስተላላፊነት ቁጥር የያዘ ጽሑፍ ለአማካሪ፣ ለፈታኝ ወይም ለዚህ መጽሔት ሲቀርብ ከቁጥሩ አጠገብ የሚከተሉት አብረው ይጻፉ፦ ንባቡ የተወሰደበት የሙቀት መጠን በዲግሪ፣ የሽቦዎቹ ቁጥር ሁለት ወይስ አራት መሆኑ፣ ናሙናው ተጨምቆ ከተሠራ ከሙሉ ጥግግቱ ስንት እጅ እንደደረሰ፣ ከመለካቱ በፊት መድረቁና አለመድረቁ። ቢቻል በአንድ ባች የተሠሩ የሦስት ናሙናዎች ውጤት ለየብቻ ይቅረብ፤ አማካዩ ብቻ አይበቃም፤ በሦስቱ መካከል ያለው መራራቅ ራሱ ስለ አሠራሩ የሚናገረው አለ። ተማሪው ቁሱ በአየኖች ሊያስተላልፍ ይችላል ብሎ የሚጠረጥር ከሆነ በቀጥተኛ ከረንት ብቻ መለካቱን ትቶ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ተለዋዋጭ ከረንት ይሞክር፤ ንባቡ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየወረደ የሚሄድ ከሆነ ይህ ጥርጣሬ ሊያድርበት ይገባል። ፈታኞችም «ከቀደመው ጥናት ይበልጣል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲገጥማቸው ሁለቱ ናሙናዎች በአንድ ሙቀትና በአንድ ዘዴ መለካታቸውን አስቀድመው ይጠይቁ።